የቀድሞው ቤት ቁልፍ፦ ወደ ሰፊ ቤት የሚዛወሩ የጅቡቲ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ አከራይ ሲሆኑ

በጅቡቲ ከተማ አሮጌ ሰፈሮች ቤት እንደጠበበ ጎልቶ የሚታየው በሙቀቱ ወራት ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሻገራል፤ ካምሲን የሚባለው ደረቅና አቧራማ ነፋስም ይነፍሳል። በዚህ ወቅት አየር ማቀዝቀዣ ያለው ክፍል አንድ ብቻ ከሆነ አባት፣ እናት፣ ልጆችና አያት ሁሉም በዚያው ክፍል ያድራሉ። ለአዲስ ተጋቢዎች የበቃው ሁለት ክፍል ቤት፣ ልጆች ሲጨመሩበትና እንግዳ ሲመጣበት ማስተንፈሻ ያጣል።

ቁጠባ ያለው፣ ብድር ያገኘ ወይም በክፍያ የሚሰጥ ቤት የደረሰው ቤተሰብ ሰፋ ወዳለ መኖሪያ ይዛወራል። ያኔ አንድ ጥያቄ ይመጣል፦ የቀድሞው ቤት ምን ይሁን? መሸጥ፣ ዘግቶ ማስቀመጥ፣ ለዘመድ መስጠት ወይስ ማከራየት?

ብዙዎች ማከራየትን ይመርጣሉ። ምክንያቱም ግልጽ ይመስላል፤ የአሮጌው ቤት ኪራይ የአዲሱን ቤት ዕዳ ይከፍላል ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን ትናንት መኖሪያ የነበረው ቤት ዛሬ የኪራይ ቤት የሚሆነው ቁልፉ ከእጅ ወደ እጅ ስለተላለፈ ብቻ አይደለም። የይዞታ ሰነዱ፣ የመብራትና የውኃ ቆጣሪው፣ የወንድምና የእህት ድርሻ፣ እንዲሁም በቃል ብቻ የሚያዝ ስምምነት ለዓመታት ሳይነኩ የቆዩ ጉዳዮች ናቸው። ቤተሰቡ በቤቱ ውስጥ እስከኖረ ድረስ ችግር ሳይሆኑ ይቆያሉ፤ ሌላ ሰው ሲገባበት ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይነሳሉ።

ሰፈር ለቆ መውጣት በጅቡቲ

የጅቡቲ ከተማን ያለ ወደቡና ያለ ባቡሩ ማሰብ አይቻልም። የፈረንሳይ ቅኝ አስተዳደር መቀመጫውን ከኦቦክ ወደዚህ ካዛወረ በኋላ ከተማዋ በወደቡ ዙሪያ አደገች። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ እአአ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ደግሞ የኢትዮጵያ ዋነኛ የባሕር በር ሆነች። ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ወዛደሩ የሰፈረው እስከ ዛሬ በቁጥር በሚጠሩት ‘ካርቲዬዎች’ ነበር። በእነዚህ ሰፈሮች ብዙዎቹ ቤቶች ከጣውላና ከቆርቆሮ የተሠሩ፣ በጠባብ መንገድ ተደግፈው የቆሙ ናቸው።

እአአ በ1966 የቅኝ አስተዳደሩ ወደ ከተማዋ የሚገባውን ሰው ለመቆጣጠር በዙሪያዋ የሽቦ አጥር ሠራ። መግባት ያልተፈቀደላቸው ሰዎች ከአጥሩ ባሻገር መስፈር ጀመሩ፤ ከ1977ቱ ነጻነት በኋላም በዚያው አቅጣጫ የሰው ቁጥር በፍጥነት ጨመረ። ባልባላ የሚባለው ሰፊ የከተማው ክፍል የተወለደው እንዲህ ነው። ስሙም በአካባቢው ከነበረው ብልጭ ድርግም ከሚል የመብራት ማማ እንደመጣ ይነገራል። በድህነት መንደርነት ብቻ ይታወቅ የነበረው ባልባላ ዛሬ የተለያየ መልክ አለው። ከቆርቆሮ ቤቶቹ ጎን የብሎኬት ቤቶች፣ ባለፎቅ ሕንፃዎችና በመንግሥት ተቋማት የተገነቡ የመኖሪያ መንደሮች ይታያሉ።

ስለዚህ በጅቡቲ ወደ ሰፊ ቤት መዛወር ብዙውን ጊዜ ከመሃል ወደ ዳር መሄድ ነው። ቤተሰቡ ከወደቡ፣ ከገበያውና ከሥራ ቦታው ይርቃል፤ በምትኩ ተጨማሪ ክፍል፣ ግቢና አየር ያገኛል። የተተወው ቤት ጠባብ ቢሆንም ለሥራ ቅርብ በመሆኑ ፈላጊ አያጣም።

ፈላጊዎቹ እነማን ናቸው? በወደብና በትራንዚት ሥራ የተሰማሩ ሠራተኞች፣ ከክፍለ ሀገር የመጡ ተማሪዎች፣ አዲስ ተጋቢዎች፣ ከየመንና ከሶማሊያ የመጡ ቤተሰቦች፣ እንዲሁም በርካታ ኢትዮጵያውያን ናቸው። አብዛኛው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ፣ በነጋዴነት፣ በአሽከርካሪነት፣ በምግብ ቤትና በቤት ውስጥ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን የከተማዋ ነዋሪዎች ናቸው። በአንጻሩ በኤሮንና በአራሙስ ያለው ገበያ ሌላ ነው። እዚያ ተከራዮቹ ዲፕሎማቶች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅት ባልደረቦችና በውጭ ጦር ሰፈሮች ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አከራይ የሚሆን ቤተሰብ የኤሮንን ዋጋ ሰምቶ የካርቲዬ ቤቱን ቢተምን፣ ቤቱ ለወራት ባዶ ሊቀር ይችላል።

ቤቱ በማን ስም ነው?

ከተከራይ ፍለጋ በፊት መመለስ ያለበት የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው። በጅቡቲ አንድ ቤተሰብ ‘የራሴ ቤት’ ሲል የያዘው ሰነድ ከሁለት አንዱ ሊሆን ይችላል። አንዱ በፈረንሳይኛ ‘ቲትር ፎንሲዬ’ የሚባለው በመሬት መዝገብ የሰፈረ ቋሚ የባለቤትነት ማረጋገጫ ነው። ሌላው ጊዜያዊ የይዞታ ፈቃድ ነው። ጊዜያዊው ፈቃድ በቦታው ላይ የመኖር መብት ይሰጣል እንጂ ሙሉ ባለቤትነትን አያረጋግጥም፤ ወደ ቋሚ ማረጋገጫ ለመለወጥ ቦታውን ማልማትና የሚጠየቀውን ክፍያ መፈጸም ያስፈልጋል። ከሁለቱ አንዱንም ያልያዙ፣ በልማድና በጎረቤት ምስክርነት ብቻ የሚኖሩ ቤተሰቦችም አሉ።

ሰነዱ ለአከራይ ለምን ያስፈልጋል? አንደኛ፣ ክርክር ቢነሳ ውሉን የፈረመው ሰው የማከራየት መብት እንዳለው ማሳየት ይኖርበታል። ሁለተኛ፣ አካባቢው ለመንገድ ወይም ለመልሶ ማልማት ቢፈለግ ካሳና ምትክ የሚታሰበው በሰነዱ መሠረት ነው። ባለይዞታው በቤቱ በማይኖርበት ጊዜ በቆጠራ ዕለት በሩን የሚከፍተው ተከራዩ ነው። ስሙና ሰነዱ በግልጽ ካልተያዘ የቤቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ማስረዳት ይከብዳል።

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ የውርስ ጉዳይ ነው። በአሮጌዎቹ ሰፈሮች የብዙ ቤቶች ሰነድ በሟች አባት ወይም እናት ስም እንደተመዘገበ ይገኛል። በቤቱ የቀረው ልጅ ወላጆቹን ጧሪ ስለነበር እህትና ወንድሞቹ በዚያ መኖሩን አይቃወሙም። ቤቱ ተከራይቶ ገንዘብ ማስገኘት ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል፤ በወራሾች መካከል ያልተከፋፈለ ንብረት የሚያስገኘው ገቢም የወራሾች ነውና። በጅቡቲ እንዲህ ያሉ የቤተሰብና የውርስ ጉዳዮች የሚታዩት የግል ሁኔታ ጉዳዮችን በሚመለከተው ፍርድ ቤት ነው፤ ብዙዎቹ ግን እዚያ ሳይደርሱ በሽማግሌ ያልቃሉ። የሚበጀው ከመከራየቱ በፊት ወራሾች ተሰብስበው ማን እንደሚያከራይ፣ ኪራዩ እንዴት እንደሚከፋፈል፣ የጥገና ወጪ ከማን ድርሻ እንደሚነሳ በጽሑፍ መስማማታቸው ነው።

ሦስተኛው ጥንቃቄ የሚመለከተው ከመንግሥት ተቋም በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ቤት የወሰዱትን ወይም ቤታቸውን ለባንክ በመያዣነት ያስያዙትን ነው። እንዲህ ያሉ ውሎች ክፍያው ሳያልቅ ቤቱን ለሌላ ሰው ማከራየትን የሚከለክል ወይም ፈቃድ የሚጠይቅ አንቀጽ ሊኖራቸው ይችላል። ውሉን እንደገና አውጥቶ ማንበብ የአንድ ምሽት ሥራ ነው፤ ሳያነቡ ማከራየት ግን አዲሱንም አሮጌውንም ቤት አደጋ ላይ ሊጥል ይችላል።

የወረቀት ላይ ኪራይና የእጅ ላይ ኪራይ

አዲስ አከራዮች የሚሳሳቱበት ዋነኛ ስሌት ቀላል ነው፤ ወርኃዊውን ኪራይ በ12 አባዝቶ ‘ይህ የዓመት ገቢያችን ነው’ ማለት።

ለማሳያ ያህል አንድ ቤተሰብ የቀድሞ ቤቱን በወር 60 ሺህ የጅቡቲ ፍራንክ አከራየ እንበል። የጅቡቲ ፍራንክ ከአሜሪካ ዶላር ጋር በቋሚ ተመን የታሰረ ሲሆን አንድ ዶላር ከ1973 (እአአ) ወዲህ 177.721 ፍራንክ ነው። በዚህ መሠረት ኪራዩ 340 ዶላር ገደማ ይሆናል። ለአዲሱ ቤት በየወሩ የሚከፈለው 80 ሺህ ፍራንክ ቢሆን፣ ቤተሰቡ ‘60ውን ተከራይ ይከፍላል፤ እኛ 20 ሺህ ብቻ እንጨምራለን’ ብሎ ያቅዳል።

በዓመቱ የሚገባው 720 ሺህ ፍራንክ ነው። ነገር ግን ቤቱ ተከራይ እስኪገኝ አንድ ወር ባዶ ቢቆይ 60 ሺህ ይቀነሳል። ለቀለም፣ ለውኃ ታንከርና ለቧንቧ ጥገና 90 ሺህ ቢወጣ፣ ለደላላ የግማሽ ወር ኪራይ ወይም 30 ሺህ ቢከፈል፣ ለግብርና ለልዩ ልዩ ወጪዎች 40 ሺህ ቢያዝ ጠቅላላው ተቀናሽ 220 ሺህ ይደርሳል። የሚቀረው 500 ሺህ ሲሆን በወር ሲካፈል ከ42 ሺህ ያንሳል። ስለዚህ ቤተሰቡ ከኪሱ የሚጨምረው 20 ሺህ ሳይሆን 38 ሺህ ገደማ ነው፤ ካሰበው እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው።

ቁጥሮቹ ከቤት ቤት ይለያያሉ፤ ስሌቱ ግን አይለወጥም። የመጀመሪያው ዓመት ከማንኛውም ዓመት የከበደ ነው፤ ምክንያቱም የዝውውሩ ወጪ፣ የአዲሱ ቤት ዕቃና የአሮጌው ቤት እድሳት የሚገናኙት በዚያው ዓመት ነው። ጥንቃቄ የሚያደርግ ቤተሰብ ቢያንስ የሦስት ወር የአዲሱን ቤት ክፍያ ከኪራይ ገቢ ውጭ ሳይዝ አይዛወርም። ይህን ያህል መያዝ ካልተቻለ አሮጌውን መሸጥ ወይም ዝውውሩን ማዘግየት ከማከራየት ይሻላል።

የፍራንኩ መረጋጋት ለጅቡቲ አከራይ አንድ ጥቅም አለው። ብዙ ጊዜ በጎረቤት አገሮች እንደሚታየው ኪራይን በዶላር ለመተመን የሚያስገድድ ምክንያት የለም፤ በፍራንክ የተጻፈ ውል ከዶላር አንጻር ዋጋውን ይጠብቃል። ገቢያቸው በብር ለሆነ ኢትዮጵያውያን ተከራዮች ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ በእጅጉ ወርዷል፤ ከኢትዮጵያ ገንዘብ እያስመጣ ኪራይ የሚከፍል ሰው ያው 60 ሺህ ፍራንክ በየጊዜው ይከብደዋል። አከራዩ ይህን ማወቁ ተከራዩ ለምን እንደዘገየ ለመረዳትም፣ የመክፈል አቅሙን አስቀድሞ ለመጠየቅም ይረዳዋል።

ቆጣሪው፣ ውኃውና ጨው

በጅቡቲ ቤት አከራይና ተከራይ ከኪራይ ይልቅ በመብራት ሒሳብ ቢጣሉ አይደንቅም። አየር ማቀዝቀዣ ለወራት ቀንና ሌሊት በሚሠራበት ከተማ የኤሌክትሪክ ወጪ ከቤተሰብ በጀት ትልቁን ድርሻ ከሚወስዱት አንዱ ነው። አገሪቱ እአአ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ ኃይል ትገዛለች፤ እአአ በ2023 ደግሞ በጉቤት 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተመርቋል። ይህም ሆኖ ለአንድ መለስተኛ ገቢ ላለው ቤተሰብ የሙቀት ወራት ሒሳብ ከባድ ነው።

ቆጣሪው በአከራዩ ስም ከቀጠለ ያልተከፈለው ሒሳብ የሚጠየቀው ከአከራዩ ነው። ተከራዩ በመስከረም ቢለቅ የሐምሌና የነሐሴ ዕዳ በባለቤቱ ስም ይቀራል። ስለዚህ ሁለት አማራጭ አለ፤ አንደኛው የአገልግሎት ውሉን ወደ ተከራዩ ስም ማዛወር፣ ሁለተኛው ሒሳቡ በየወሩ መከፈሉን በደረሰኝ ማረጋገጥ ነው። በሁለቱም መንገድ ቁልፍ በሚሰጥበት ዕለት የመብራትና የውኃ ቆጣሪው ንባብ በውሉ ላይ መጻፍና ሁለቱም ወገኖች መፈረም አለባቸው። አንድ ቆጣሪ ለሁለት ቤት የሚያገለግልበት ግቢ ከሆነ ደግሞ ድርሻው እንዴት እንደሚታሰብ ከመጀመሪያው መወሰን ይኖርበታል።

ውኃም የራሱ ጉዳይ አለው። ጅቡቲ ቋሚ ወንዝ የላትም፤ የከተማዋ የከርሰ ምድር ውኃም ጨዋማነት ያጠቃዋል። እአአ በ2017 ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል የሚነሳው የውኃ መስመር፣ እአአ በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕር ውኃን የሚያጣራው ጣቢያ ሥራ ጀምረው አቅርቦቱን አሻሽለዋል። ሆኖም የውኃ ታንከር የሌለው ቤት ለተከራይ አስቸጋሪ ነው። ታንከሩ ንጹሕ መሆኑን፣ ፓምፑ መሥራቱን፣ ሲበላሽ ማን እንደሚያስጠግን ማስታወቅ የአከራዩ ድርሻ ነው።

ጨዉ ቤቱንም ይበላል። የባሕሩ አየር ቆርቆሮን ያዝጋል፣ በኮንክሪት ውስጥ ያለውን ብረት ያሳብጣል። ባለቤቱ በቤቱ ሲኖር የዛገውን ቆርቆሮ በጊዜው ያያል፤ ሲዛወር ግን የሚያየው ጣሪያው ከተበሳ በኋላ ነው። ጎርፍም እንዲሁ ነው። በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ አቅራቢያና በዝቅተኛዎቹ ሰፈሮች ዝናብ ለዓመታት ሳይታሰብ ቆይቶ በአንድ ቀን ያጥለቀልቃል፤ እአአ በ2004 እና በኅዳር 2019 የደረሰው ጎርፍ የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ቤቱ ውኃ ገብቶበት የሚያውቅ ከሆነ ለተከራዩ አስቀድሞ መንገር የሕሊና ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ልጆቹን የት እንደሚያስተኛና ዕቃውን ምን ያህል ከፍ አድርጎ እንደሚያስቀምጥ የሚወስነው በዚያ መረጃ ነው።

‘እንተዋወቃለን’ ውል አይሆንም

በካርቲዬዎቹ ብዙ ቤት የሚከራየው በሰው በሰው ነው። አክስት የነገረችው፣ የሥራ ባልደረባ ያመጣው፣ የአንድ አገር ልጅ የሆነ ሰው ይገባል። መተማመኑ ጥሩ ነው፤ ችግሩ መተማመን በወረቀት እንዳይያዝ ምክንያት ሲሆን ነው።

የጅቡቲ ሕግ መሠረቱ የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባህል ነው። ይህ ባህል ለኢትዮጵያውያንም እንግዳ አይደለም፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። በዚህ የሕግ ባህል ኪራይ በቃልም ሊመሠረት ይችላል፤ በቃል የተባለውን ማስረዳት ግን አስቸጋሪ ነው። የአከራዩ ዋና ግዴታዎች ሦስት ናቸው፦ ቤቱን ለኑሮ በሚመች ሁኔታ ማስረከብ፣ ዋና ዋና ጥገናዎችን ማድረግ፣ ተከራዩ በሰላም እንዲኖርበት መተው። ተከራዩም በበኩሉ ኪራዩን በወቅቱ ይከፍላል፣ ቤቱንም አንድ ጠንቃቃ የቤተሰብ አስተዳዳሪ የራሱን ቤት እንደሚይዝ አድርጎ ይይዛል።

ከሦስቱ የአከራይ ግዴታዎች ለአዲስ አከራይ የሚከብደው ሦስተኛው ነው። እዚያ ቤት ልጅ የወለደች እናት ጓሮውን እንደራሷ ማየቷን በአንድ ቀን አታቆምም። አንድ ክፍል ቆልፎ የቤተሰብ ዕቃ ማስቀመጥ፣ ሳያስታውቁ መግባት፣ ተከራዩ ግድግዳ ላይ ምስማር መታ ብሎ መቆጣት የተለመደ ነው። ኪራይ ግን ቤቱን ለጊዜው የሌላ ሰው መኖሪያ ያደርገዋል። የሚቀመጥ ዕቃ ካለ ክፍሉ ከኪራዩ ውጭ መሆኑ በውሉ ይጻፋል፤ ባለቤቱ ለማየት ሲፈልግም ቀን ቀጥሮ ይመጣል።

ጥሩ ውል ረጅም መሆን አያስፈልገውም። የሁለቱን ወገኖች ማንነት፣ የቤቱን አድራሻና ክፍሎች፣ የኪራዩን መጠንና የሚከፈልበትን ቀን፣ የውሉን ዘመን፣ የማስያዣውን ገንዘብ፣ የመብራትና የውኃ ኃላፊነትን፣ ጥቃቅንና ትላልቅ ጥገናዎች የማን እንደሆኑ፣ ለመልቀቅና ለማስለቀቅ የሚሰጠውን የማስጠንቀቂያ ጊዜ ከያዘ በቂ ነው። ሁለቱም ወገኖች በሚገባቸው ቋንቋ ተነብቦ መፈረሙም ዋና ነገር ነው። ፈረንሳይኛ የማያነብ ኢትዮጵያዊ ወይም የመናዊ ተከራይ ያልገባውን ፈርሞ በኋላ ቢከራከር፣ ውሉ ለአከራዩም መተማመኛ አይሆነውም። የውጭ ዜጋ ተከራይ ከሆነ የመኖሪያ ፈቃዱን ማየትና ቅጂ መያዝ ይገባል፤ ፓስፖርቱን በመያዣነት መውሰድ ግን ተገቢ አይደለም።

ከውሉ ጋር የሚያያዘው የርክክብ ዝርዝር ነው። በር፣ መስኮት፣ ቧንቧ፣ አየር ማቀዝቀዣ፣ የግድግዳው ሁኔታ በጽሑፍና በፎቶግራፍ ይያዛል። ማስያዣውም የአከራዩ ገቢ አለመሆኑ መታወስ አለበት። ለአዲሱ ቤት መጋረጃ የዋለ ማስያዣ ተከራዩ በሚወጣበት ቀን ጠብ ይፈጥራል፤ ሳይነካ ለብቻው መቀመጥ ያለበትም ለዚህ ነው።

የኢትዮጵያ ልምድ ምን ያሳያል?

ተመሳሳይ ጥያቄ በአዲስ አበባም አለ። የጋራ መኖሪያ ቤት በዕጣ የደረሰው ሰው ቤቱን ለአምስት ዓመት መሸጥ ስለማይችል፣ ቤተሰቡ ሲሰፋ ብዙ ጊዜ ያለው ምርጫ ኮንዶሚኒየሙን አከራይቶ ሰፊ ቤት መከራየት ነው። በዚህም ሳቢያ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ አከራይም ተከራይም ይሆናል።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይህን ግንኙነት በዝርዝር ለመግዛት ሞክሯል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ በተቆጣጣሪው አካል እንዲመዘገብ፣ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፣ ጭማሪም በየዓመቱ በሚወሰነው መጠን እንዲሆን ደንግጓል። አዋጁ በጅቡቲ አይሠራም። ይሁን እንጂ ከአዲስ አበባ የመጣ ተከራይ ‘ሁለት ዓመት አታስወጡኝም’ ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ የጅቡቲው አከራይ ደግሞ በወር ማስጠንቀቂያ አስወጣለሁ ብሎ ያስባል። ሁለቱም ያሰቡት ነገር በውሉ ካልተጻፈ ጠቡ የሚጀምረው ገና ከመግቢያው ቀን ነው።

ለዘመድ ማከራየት

ለመጀመሪያ ጊዜ አከራይ በሚሆን ቤተሰብ ላይ ከሚመጡ ጥያቄዎች ሁሉ ስሱ የሆነው የዘመድ ጥያቄ ነው። ‘ባዶ ከሚቀመጥ የወንድሜ ልጅ ይግባበት’ ሲባል እምቢ ማለት ያስቀይማል። እሺ ሲባል ደግሞ ኪራዩ ግማሽ ይሆናል፣ ከዚያ ይዘገያል፣ ከዚያ ይቀራል። የአዲሱ ቤት ክፍያ ግን አይዘገይም።

ይህን መፍታት የሚቻለው እርዳታንና ኪራይን በመለየት ነው። ቤተሰቡ ዘመዱን መርዳት ከቻለና ከፈለገ፣ ቤቱን ለተወሰነ ጊዜ በነጻ ወይም በቅናሽ መስጠቱን በግልጽ ይናገር፤ የሚያበቃበትንም ቀን ይወስን። የሚከራይ ከሆነ ደግሞ እንደማንኛውም ተከራይ ይፈርም። ቅናሹ ሆን ተብሎ ከተሰጠ ስጦታ ነው፤ ባልተከፈለ ኪራይ መልክ ከመጣ ግን ዕዳና ቂም ይሆናል።

አለመግባባት ሲፈጠር ብዙ የጅቡቲ ቤተሰቦች መጀመሪያ የሚሄዱት ወደ ሽማግሌዎች ወይም ‘ኦካል’ ወደሚባሉት የባህል መሪዎች ነው። ፈጣንና ርካሽ መንገድ ነው፤ ግንኙነትንም ያተርፋል። ሽማግሌም ቢሆን ግን በእጁ የተፈረመ ወረቀት ሲኖር ሥራው ይቀለዋል። ካልተሳካ የሚቀረው ፍርድ ቤት ነው። መብራት መቁረጥ፣ ውኃ መዝጋት፣ ቁልፍ መቀየር ወይም ዕቃ ወደ ደጅ ማውጣት ሕጋዊ መንገድ አይደለም። በሐምሌ ሙቀት ሕፃናት ባሉበት ቤት መብራት ማቋረጥ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ ነው።

ቁልፉ መቼ ይሰጥ?

የዝውውሩ ቅደም ተከተል ከሚታሰበው በላይ ዋጋ አለው። ትምህርት በመስከረም ስለሚጀመር ብዙ ቤተሰቦች ከዚያ በፊት መዛወር ይፈልጋሉ፤ በዚሁ ወቅት ደግሞ አቅም ያላቸው ሙቀቱን ሸሽተው ወደ አርታ፣ ወደ ድሬዳዋና ወደ ሌሎች ደጋማ ቦታዎች ስለሚሄዱ ጠጋኝም ተከራይም ለማግኘት ያስቸግራል። ተከራይ እንዳያመልጥ ተብሎ ቤተሰቡ በወጣበት ማግሥት ቁልፍ ማስረከብም ይታያል። ነገር ግን የቤት ጉድለት የሚታየው ዕቃው ከወጣ በኋላ ነው፤ ከቁም ሳጥን ጀርባ ያለው እርጥበት፣ ከአልጋ ሥር የተሰነጠቀው ወለል፣ ለዓመታት በጨርቅ ታስሮ የኖረው ቧንቧ። ጥቂት ሳምንታት ባዶ ማቆየት የአንድ ወር ኪራይ ያህል ሊያስከፍል ይችላል፤ ተከራይ ከገባ በኋላ ወለል መቆፈር ግን ከዚያ የበለጠ ያስወጣል።

አሮጌው ቤት ለብዙ የጅቡቲ ቤተሰቦች ከኪራይ ገቢ ያለፈ ትርጉም አለው። የወደብ ሥራ ሲቀዘቅዝ፣ አባወራው ሲታመም ወይም የአዲሱ ቤት ክፍያ ሲያቅት መመለሻ ነው። ኪራዩን ከዚህ አንጻር የሚያይ ቤተሰብ ከፍተኛውን ዋጋ ከሚሰጠው ይልቅ ቤቱን በደህና የሚይዘውን ተከራይ ይመርጣል፤ ከኪራዩም የተወሰነውን ለጣሪያው ያስቀምጣል። ተከራዩም ቢሆን የሚፈልገው ከዚያ የራቀ አይደለም። መጪውን የሙቀት ወቅት የት እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ ማወቅ፣ ልጆቹንም ከትምህርት ቤት ሳያፈናቅል ዓመቱን መጨረስ ይሻል።